ከምረቃ መጽሔታችን የጎደለው ፎቶ

በ2002 ዓ.ም. ተመራቂዎች የ15ኛ ዓመት መሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው "ሃያ ደቂቃ ትናገሪያለሽ" ሲሉኝ ምን እንደጠበቁ አውቃለሁ። የካፌውን ወረፋ፣ ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዘን ሦስተኛ ፎቅ የወጣነውን፣ በፈተና ሰሞን ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የተነሣነውን እንዳስታውሳችሁ ነበር። እሱ ጨዋታ ለማታው እራት ይቆየን። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሌላ ነገር ላነሣ ነው፤ በተማሪዎች ላይ በተማሪዎችና በእኛ በትልልቆቹ ስለሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት። ለአዘጋጆቹ አስቀድሜ ነግሬያቸው "ተናገሪው" ብለውኛል፤ አመሰግናቸዋለሁ። በራሱ ላይ ደርሶበት ይህን መስማት የሚከብደው ሰው ካለ፣ ወጣ ብሎ ቢመለስ ማንም ቅር አይለውም።

ባለፈው ወር ቤት ስንቀይር ከዕቃው መሐል የምረቃ መጽሔታችን ወጣ። ልጄ "እማዬ፣ የትኛዋ ነሽ?" ብላ ገጹን ስትፈልግ፣ እኔ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ሰው ፈለግኩ። በ1999 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት ስንገባ በአንድ ዶርም ስድስት ነበርን። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር። መጽሔቱ ላይ ያለነው አምስት ነን። ስድስተኛዋ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ የምትተኛዋ ነበረች። በመግቢያ ፈተና ከስድስታችን አንደኛ ነበረች፤ ኬሚስትሪ የምታስጠናንም እሷ ነበረች። ሬጅስትራር ፋይሏ ላይ ዛሬም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ "ዊዝድሮው"። በገዛ ፈቃዷ ትምህርቷን አቋረጠች ማለት ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ደውዬላት ነበር። ስምሽን ሳልጠራ ላንሣው ወይ አልኳት። ዝም አለች፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ስለ እኔ አታውሪ። እኔ ላይ የሆነውን እኔ አውቀዋለሁ። ስለ እናንተ አውሪ።"

ስለዚህ የማወራው ስለ እኛ ነው።

ነገሩ የጀመረው በምዝገባ ዕለት ነው። ታስታውሳላችሁ፣ ከአውቶቡስ ስንወርድ ሲኒየሮች ቆመው ይጠብቁናል፤ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ዶርም ያሳያሉ። አብዛኞቹ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው የሚረዱት። እሷን የተቀበላት የአገሯ ልጅ ነበር፤ ተመራቂ ተማሪ። ፍራሽ ገዛላት፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አመጣላት፤ እናቷ ሲደውሉ እንኳ "አደራህን" የሚሉት እሱን ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ "ለፋይናል የሚሆን ሀንድአውት ውሰጂ" ብሎ ከግቢ ውጭ ወደተከራየው ቤት ጠራት። ሄደች። እዚያ የሆነውን በዝርዝር አልናገርም። እሷ አልፈለገችም፤ ጮኸች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ፤ እሱ አላቆመም። ይበቃል።

ወደ ግቢ የተመለሰችው ማታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ነው የእኛ ታሪክ።

መጀመሪያ ያገኘቻት ፕሮክተሯን ነው። ፕሮክተሯ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ስንታመም ሻይ የሚያፈሉልን ናቸው። ያን ማታ ግን ያዩት የሰዓቱን ማለፍ ነው። "ስምሽን እመዘግባለሁ" አሏት። ጫማዋ አንድ እግር ብቻ እንደነበር አላዩም፤ ወይም አይተው ሌላ ነገር ገመቱ።

ቀጥሎ ያገኘችው እኛን ነው። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ አለችና በአጭሩ ነገረችን። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር መሰላችሁ? "ቀድሞስ ብቻሽን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጠላቷ አይደለሁም፤ እወዳታለሁ። ዛሬ ሳስበው የፈራሁት ለራሴ ይመስለኛል። ጥፋቷን ካገኘሁላት፣ እኔ ያንን ጥፋት ባለመሥራት እድናለሁ ማለት ነው። ከዚያ ሁላችንም ተረባርበን ውኃ አሞቅንላት፣ አጠብናት፣ ልብሷን በኦሞ ዘፍዝፈን አጥበን አሰጣን። እናቶቻችን እንዳስተማሩን ነው ያደረግነው፤ ሰው ሲቆስል ታጥቦ ያድራል። ያጠብነው ማስረጃውን ነበር።

እሑድ አለፈ፣ ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ደም አላቆም ሲላት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ "ምንሽን ነው?" የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው ሌሎች ተማሪዎች እየሰሙ ነው። "ሆዴን" አለች። የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ ተሰጥቷት ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ሚድ ፈተና ነበር፤ አልተቀመጠችም። መምህራችን ጋ አብሬያት ሄድኩ። "የሐኪም ማስረጃ አምጪ" አሉን። ደንቡን ነው የተናገሩት። ማስረጃው ላይ የተጻፈው ግን የሆድ ቁርጠት ነው፤ የሆድ ቁርጠት ደግሞ ፈተና አያስቀርም።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። ሽማግሌ ስላችሁ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባቶች እንዳይመስሏችሁ፤ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሆናቸው የአገሯ ልጆች ናቸው። ላውንጅ ወስደው ሻይ ጋበዟት። "ሊመረቅ ሁለት ወር ነው የቀረው። ቤተሰቡ ደሃ ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ስህተት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅሽ። አንቺም ብትሆኚ ስምሽ ነው የሚጠፋው።" እውነቱን ልናገር፤ እኔም ያን ዕለት ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ። "ይቅር በይውና ይለፍ" ብያታለሁ።

ይቅር አላለችም፤ አልከሰሰችም። በቃ ዝም አለች። ማታ ማታ መብራት አይጠፋ ትል ጀመር። ገጽ ገልጣ ሰዓት ሙሉ እዚያው ገጽ ላይ ትቆያለች። ካፌ ውስጥ የወንድ እጅ ከኋላዋ ትሪ ሲያነሣ ትደነግጣለች። ሰኔ ላይ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልታ ወጣች። የሚሊኒየሙ ዓመት ብለን መስከረም 2000 ላይ እየዘፈንን ስንመለስ፣ አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ተመድባ ጠበቀችን።

እሱስ? እሱ ሐምሌ ላይ ተመረቀ። በዚያ ዓመት የምረቃ መጽሔት ፎቶው አለ። ከሥሩ ለእናቱ ያቀረበው ምስጋና ተጽፏል።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ልታዝኑ አይደለም። የጤና መኮንን ሆኜ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ይዤ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን ያሳለፍኩት ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት በሚመጡበት ክፍል ነው። እዚያ ሆኜ በየቀኑ የማየው፣ ያኔ በእኛ ዶርም ውስጥ ምን ምን ሊደረግ ይችል እንደነበር ነው። እስቲ በተራ ላስቀምጠው፤ ምናልባት ነገ የአንዳችሁ ልጅ፣ የአንዳችሁ ተማሪ በር ታንኳኳለች።

አንደኛው ሰዓት ነው። ለኤችአይቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ባደረ ቁጥር ይደክማል። እኛ ቅዳሜ ማታን ይዘን እስከ ረቡዕ ጠዋት ስናመነታ 72ቱ ሰዓት አልፎ ነበር። ደግነቱ በኋላ ስትመረመር ነፃ ነበረች። ያ ዕድል ነው፤ እኛ ያደረግነው ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ከተቻለ ከመታጠብ በፊት ሐኪም ይያት። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ በፌስታል ውስጥ ያልባል፣ ይበላሻል። ታጥባ ከሆነም ትሂድ፤ ሳምንት ካለፈም ትሂድ። ሕክምናው ማስረጃ ስለሌለ አይቀርም።

ሦስተኛው "ለምን አልታገልሽም? ለምን አልጮህሽም?" የሚለው ጥያቄ ነው። ሰውነት አደጋ ሲመጣበት አንዳንዴ ይታገላል፣ አንዳንዴ ይሸሻል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይደርቃል። እግር አይታዘዝም፤ ድምፅ አይወጣም። ይህ እሺታ አይደለም። ቤቱ መሄድም እሺታ አይደለም። ሀንድአውት መውሰድ፣ ምሳ መጋበዝ፣ ጓደኛ መሆንም አይደለም።

አራተኛው ሕጉ ነው። የሚገርማችሁ፣ እኛ ግቢ ስንገባ አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በኦሬንቴሽን ሳምንት ስለ ላይብረሪ ካርድ አንድ ሙሉ ጠዋት ተነገረን፤ ስለዚህ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ተጠቂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች፣ ወይም ወንጀሉን የፈጸሙት ብዙ ሆነው ከሆነ፣ ወይም እሷ በእሱ ቁጥጥር ሥር ያለች ጥገኛ ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሃያ ዓመት ይደርሳል። አንደኛ ዓመት ከሚገቡት ልጆች መካከል ገና 18 ያልሞላቸው እንዳሉ መምህራን ታውቃላችሁ። ከጥቃቱ ያረገዘች ሴት ደግሞ በአንቀጽ 551 መሠረት ፅንሱን በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ትችላለች፤ መደፈሯን ለማረጋገጥ የራሷ ቃል በቂ እንደሆነ ቀጣዩ አንቀጽ ይናገራል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ብሎ የሚመልሳት የጤና ባለሙያ ካለ ተሳስቷል።

ስለ ሽምግልናውም አንድ ነገር ልበል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው አሮጌው ሕግ፣ አጥቂው ያጠቃትን ሴት ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። አዲሱ ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል። ሕጉ ከዘጋው ሃያ ዓመት ሆነው፤ እኛ ግን ላውንጅ ውስጥ ሻይ አዝዘን ዛሬም እንከፍተዋለን። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ስንት ትዳርና ስንት ድንበር አስታርቋል። ሽምግልና ግን ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ማስታረቂያ ነው። ጓደኛዬ ከማንም ጋር አልተጣላችም።

አሁን ስለ ኪሳራው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መናገራቸውን ያሳያል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ከአራት አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ይህ ጠያቂዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ የተናገሩላት ነው። በዚህ አዳራሽ ሁለት መቶ ሴቶች ብንኖር ሃያ ማለት ነው። ወንዶችም ይደርስባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከሴቶቹ የባሰ ዝም ይላሉ፤ ክፍሌ ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ አይቻለሁ።

ቁጥሩ የማይነግረን ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እንቅልፍ ይጠፋል። ትኩረት ይጠፋል። ያ ቀን ሳይጠሩት ይመለሳል፤ በሽታ፣ በድምፅ፣ በአንድ ሳሙና ጠረን። አንዳንዷ ከሰው ትሸሻለች፤ አንዳንዷ ራሷን ለማጥፋት ታስባለች። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ግን አያቶቻችን እንዳሉት በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የእኛ ደግሞ የሚብሰው፣ በሽተኛዋ ሳትሆን እኛ ነን የምንሸሽግላት።

የጓደኛዬ ኪሳራ ይህ ብቻ አልነበረም። ለቤተሰቧ "ውጤት አልመጣልኝም" አለቻቸው። እናቷ ሰፈር ውስጥ ቡና ጠርተው ልጃቸውን የሸኙ ሴት ናቸው። በከተማዋ ዓመታት ሙሉ "ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወድቃ የመጣችዋ" ተባለች። እኛን ኬሚስትሪ ያስጠናችን ልጅ! በኋላ በማታ ተምራ ሒሳብ ሠራተኛ ሆናለች፤ ትዳር አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ትስቃለች። "ተሰብራ ቀረች" ብላችሁ እንዳትሄዱ። ግን ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። አሁንም ልጆቿ ሲያማቸው የመድኃኒቱን ወረቀት ከፋርማሲስቱ ቀድማ አንብባ ትጨርሳለች።

መምህራኖቻችን፣ ቀጥሎ ያለውን ለእናንተ ነው፤ ከአክብሮት ጋር። ዛሬ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ሌላውን ሹክሹክታም እናውቀዋለን። "ኤፍ ሰጥቷታል፤ ቢሮው ብትሄድ ያስተካክልላታል" ሲባል ሰምተን ስቀናል። በአንቀጽ 625 መሠረት አስተማሪነቱን፣ አሠሪነቱን ወይም አሳዳጊነቱን መከታ አድርጎ በሴት ችግር ወይም ጥገኝነት የተጠቀመ ሰው ወንጀል ሠርቷል። ብዙዎቻችሁ ከዚህ ነገር ንጹሕ እንደሆናችሁ አምናለሁ። ታዲያ ንጹሕ የሆነው ሰው ነው ስለ ባልደረባው ዝም የሚለው። ተማሪዋ የምትፈራው አንድ መምህር ነው፤ እሱ ግን የሚተማመነው በእናንተ ዝምታ ነው።

ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የፈተና ወረቀት በስም ፋንታ በቁጥር ይታረም። የውጤት ቅሬታ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሦስት ሰው ይቅረብ። ተማሪ ቢሮ ስትመጣ በሩ ክፍት ይሁን። ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ፈተና ስትቀር ምክንያቱን ለየመምህሩ በየበሩ እንድትናገር አትገደድ፤ አንድ የታመነ ሰው ይስማትና ያ ሰው የሚጽፈው አጭር ወረቀት ለሁሉም ይብቃ። ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የፖሊስ ምትክ አይደለም። ተማሪን አንድ ዓመት ማገድ ለኩረጃ ይሆናል፤ ለዚህ አይሆንም።

የማኅበራችን አባላት፣ ከእኛስ ምን ይጠበቃል? በየዓመቱ ለግቢው ዛፍ ተክለናል፣ ለላይብረሪ ኮምፒውተር ገዝተናል፤ ጥሩ ነው። ከመካከላችን ጠበቆች አሉ፣ ሐኪሞች አሉ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ፣ በዚህችው ከተማ የሚኖሩ መኪና ያላቸውም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያለ፣ ሐኪሙም ፖሊሱም ዓቃቤ ሕጉም የሥነ ልቦና ባለሙያውም በአንድ ቦታ የሚገኙበት አገልግሎት በሁሉም ከተማ የለም። ስለዚህ አንዲት ተማሪ ማታ አራት ሰዓት ላይ ብትደውል፣ ስልኩን የሚያነሣ፣ ሆስፒታል የሚያደርሳት፣ ቅያሪ ልብስ የሚይዝላት፣ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብሯት የሚቀመጥ ሰው እንሁን። ተራ እንግባ። በወር አንድ ሌሊት ለአንድ ሰው አይከብድም።

ከመጨረሴ በፊት ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። እናንተ ፎቶ ስትነሡ እኔ ወደ ድሮው ዶርማችን ሄድኩ። ፕሮክተሯን አስፈቅጄ ገባሁ። ስድስት የአንደኛ ዓመት ልጆች አሉበት። ተደራራቢው አልጋ ተቀይሯል፤ ሎከሩ ያው ነው። ቡና አፈሉልኝ። ስንጫወት ቆይተን ጠየቅኳቸው፦ "ክፉ ነገር አይንካችሁና፣ ከእናንተ አንዷ ላይ ማታ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የት ትሄዳላችሁ?" ተያዩ። አንዷ "ለፕሮክተሯ እንነግራለን" አለች። ሌላዋ "የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አለ ተብሏል" አለች፤ የት እንደሆነ ግን አታውቅም። ከላይኛው አልጋ ላይ የነበረችው፣ ትንሿ፣ "እኔ ለማንም አልናገርም" አለች። ስለ 72ቱ ሰዓት ከስድስቱ አንዷም አልሰማችም። ቢሮውን ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። በሩ ላይ ጥሩ ፖስተር ተለጥፏል። ቅዳሜ ስለሆነ ተቆልፏል።

እኛ ላይ የደረሰው ቅዳሜ ነበር።

ያኔ ለጓደኛዬ ልላት የሚገባኝን አሁን አውቀዋለሁ። አራት አጭር ነገር ነው፦ "አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ምን ላድርግልሽ? አብሬሽ ነኝ።" ይህን ለማለት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ዶርም ውስጥ የነበርነው አምስታችንም ልንለው እንችል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቼ በስልክ ነገርኳት። "አወቅሽው?" አለችኝና፣ ቀጥላ ስለ ልጄ ትምህርት ጠየቀችኝ።

ለስድስቱ ልጆች የሆስፒታሉን ስም፣ የሰዓቱን ነገርና የራሴን ስልክ ጽፌላቸው ወጥቻለሁ፤ በሎከሩ በር ከውስጥ በኩል ለጥፈውታል። እኔ ግን ከዚህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው የምኖረው። ከመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጫለሁ። በዚህ ከተማ የምትኖሩ፣ በወር አንድ ሌሊት ስልካችሁን ክፍት ማድረግ የምትችሉ፣ ስማችሁንና ሙያችሁን ጻፉበት። የማኅበሩ ጸሐፊ ዝርዝሩን ይዘው ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር እንደሚነጋገሩ ቃል ገብተውልኛል። ከእራቱ በፊት አንድ ገጽ ቢሞላ፣ ነገ ስመለስ በዶርሙ በኩል አልፌ የልጆቹ ወረቀት ላይ የእኔን ቁጥር ሰርዤ የእናንተን እጽፋለሁ።